ጎልፍ ስጀምር ከራሴ የጠበቅኩት፣ ያስከፈለኝም ዋጋ

ጎልፍ የጀመርኩት በ38 ዓመቴ፣ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት ዱላ ይዤ ኳስ የመታሁት ልጅ ሳለሁ፣ የገና ጨዋታ ስንጫወት ብቻ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ይዞኝ ሄደና 7 ቁጥር አይረን የሚባለውን ዱላ አስያዘኝ። መጀመሪያ የመታኋቸው ኳሶች መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። አንዳንዶቹን ጭራሽ ሳትኳቸው። ከዚያ አንዷ በደንብ ተመታች። እጄ ላይ ምንም አልከበደኝም። ኳሷ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጥታ ብዙ ቆየችና ቀጥ ብላ ወረደች።

ያቺ አንዲት ኳስ ናት ጉድ የሠራችኝ። "ይህን መምታት ከቻልኩ ሁልጊዜም እችላለሁ፤ የሚጎድለኝ ልምምድ ብቻ ነው" አልኩ። ከራሴ የምጠብቀውን ሁሉ በእሷ ለካሁ። ይህን የምጽፈው አሁን ጎልፍ እየጀመራችሁ ላላችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ለማለት ጫፍ ላይ ለደረሳችሁ ነው። እኔ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። በዚያው ሳምንት ሻይ ላይ ተቀምጠን ለጓደኞቼ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሃንዲካፔን ከ10 በታች አወርዳለሁ አልኳቸው። ሃንዲካፕ ለማታውቁት፣ ተጫዋቹ ከሜዳው መለኪያ ምን ያህል ምት እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። የሚፈቀደው ትልቁ 54 ነው። እኔ ከ54 ሳልጀምር 10 ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ከ10 በታች የሆነ ሰው ስንት ዓመት እንደተጫወተ፣ በሳምንት ስንት ቀን ሜዳ እንደሚውል አንድም ሰው አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነበር። ግቡን ያወጣሁት ባለኝ ጊዜ ሳይሆን ባየኋት አንዲት ኳስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቤቴ ድረስ ገባ። ጥር ላይ ዕቁብ ደረሰኝ። ገንዘቡን ምን ላይ እንደምናውለው ከባለቤቴ ጋር ቀድመን ተነጋግረን ነበር። የልጃችን ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የቤት ዕቃም ያስፈልገን ነበር። እኔ ግን ከግማሽ በላዩን አንስቼ፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ሙሉ የዱላ ስብስብ አስመጣሁ። ድራይቨሩ፣ ኳስ ሩቅ ለመምታት የሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ፣ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት ነበር። ዘንጉ ጠንካራ ነው፤ በጣም ፈጥኖ ለሚመታ ሰው የተሠራ ነው። እኔ ደግሞ ጀማሪ ነኝ። ኳሱ ዝቅ እያለ ወደ ቀኝ ይሄድብኝ ነበር። ባለቤቴ አልጮኸችም። "ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ" ብቻ ነው ያለችኝ። ያ ዝምታ ለወራት አብሮን ኖረ።

እባካችሁ መጀመሪያ ተዋሱ። ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ አትያዙ ይላል እንጂ 14 መያዝ አለባችሁ አይልም። አንድ 7 ቁጥር አይረን፣ ለአጭር ምት አንድ ዌጅ፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል አንድ ፓተር ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በእነዚህ ሦስት ዱላዎች ሜዳውን ዞሮ የሚጨርስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውጤቱም በዚያን ጊዜ ከእኔ በብዙ ይሻል ነበር።

ዱላው ከመጣ በኋላ ደግሞ "ገንዘቡን ማካካስ አለብኝ" የሚል እልህ ያዘኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሥራ ስወጣ ቦርሳዬን ተሸክሜ በቀላል ባቡሩ እስከ ጦር ኃይሎች እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ መለማመጃው። በአንድ ምሽት 200 ኳስ የመታሁባቸው ቀናት ነበሩ። በጋ ስለነበር መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እያንዳንዱ ምት ክርኔ ድረስ ይሰማኛል። 200ውንም የምመታው በድራይቨር ነው፤ የመጨረሻዎቹን 100 ደግሞ በድካም። አሁን ሳስበው እነዚያን 100 ስመታ የተለማመድኩት የተሳሳተውን አመታት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ትንሽ የወዳጅነት ውድድር ነበር። ከሰባት ወር ልምምድ በኋላ ከ90 በታች እገባለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። ሜዳው ፓር 72 ነው፤ ጥሩ ተጫዋች 18ቱን ጉድጓድ በ72 ምት ይጨርሳል ተብሎ ይጠበቃል። የገባሁት 121 ነው። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ብቻ 11 ምት አወጣሁ። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ አብረውኝ ለሚጫወቱት መልስ መስጠት አቁሜ ነበር። ሲያልቅ ካርዴን ፈርሜ አስረከብኩና እጅ ሳልጨብጥ፣ ምሳ ሳልቀመጥ ወጣሁ። ከ121ዱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። እነዚያ ሰዎች አራት ሰዓት ሙሉ ኳሴን አብረውኝ ሲፈልጉ የዋሉ ናቸው።

ቤት ስገባ የሰባት ዓመት ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቴን አየችና "አባዬ፣ ዛሬም ተናደድክ?" አለችኝ። "ተሸነፍክ?" አይደለም ያለችው። "ተናደድክ?" ነው። "ዛሬም" ማለቷ ደግሞ ልቤን ነካው። ማታ ባለቤቴ ቀስ ብላ "አንተ ሜዳ ላይ ትቀራለህ፣ ቤት የሚመጣው ንዴትህ ነው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንዲያም ሆኖ አልቆምኩም። ግንቦት ላይ የቀኝ ክርኔ በውስጥ በኩል ማመም ጀመረ። ማስታገሻ እየዋጥኩ ሦስት ሳምንት ቀጠልኩ። በመጨረሻ ስኒ ማንሳት ሲያቅተኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሕመሙ በጎልፍ ተጫዋቾች ስም የሚጠራ ነው አለኝ። የእጅ አንጓን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከክርን አጥንት ጋር የሚያያዙበት ጅማት በብዙ ድግግሞሽ ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ዱላ አጥብቆ መጨበጥና ደረቅ መሬት መምታት ያባብሰዋል። ሙሉ ምት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ተከለከልኩ። የቀለለ ክብደት ይዤ አንጓዬን ቀስ ብዬ የማወርድበት እንቅስቃሴ ተሰጠኝ። ክርናችሁ ወይም ወገባችሁ ሁለት ቀን ተከታትሎ ካመማችሁ እንደ እኔ በማስታገሻ አትሸፍኑት። ቶሎ አርፌ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን በሙሉ ባላጣሁ።

ያ ክረምት ግን ነገሩን ቀየረው።

ሜዳው ላይ ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ካዲ በዕድሜ ይበልጠኛል። ልጅ ሆኖ ኳስ በመልቀም ነው የጀመረው። መጀመሪያ "እርስዎ" ይለኝ ነበር። አፈርኩና "አንተ በለኝ" ብዬ ለመንኩት። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሰኔ ላይ ክርኔን አስሬ ሜዳ ሄድኩ፤ ለመሰናበት ነበር የሄድኩት። ዱላዎቹን የሚገዛ ሰው እንዲፈልግልኝ ጠየቅኩት። ጋሼ ዝም ብሎ ሰማኝና "ፓተር ለመያዝ ክርን አያስፈልግም" አለ። ዝናቡ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ግሪኑ ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ አቆመኝ። ከአንድ እርምጃ አሥር ኳስ። ከሁለት እርምጃ አሥር። ከሦስት አሥር። ቁጥሩን የሚይዘው እሱ ነበር። ከሦስት እርምጃ ከአሥር ሁለቱን ብቻ አገባሁ። ተበሳጨሁ።

"ስንቱን ማግባት ነበረብህ?" አለኝ።

"ሁሉንም" አልኩት።

"ማን ነው ሁሉንም የሚያገባው?"

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ ቁጥሮቹን ፈለግኩ። የዓለም ምርጦች በሚወዳደሩበት በፒጂኤ ቱር ባለሙያዎቹ ከ2 ሜትር ከ40 ገደማ የሚመቱትን ፓት (የፓተር ምት) የሚያገቡት ግማሹን ያህል ነው። ግማሹን! በደንብ በተስተካከለ ግሪን ላይ፣ ሥራቸው ይሄው ብቻ ሆኖ። ከ18ቱ ግሪን በተመደበላቸው ምት የሚደርሱትም 12 ገደማ ላይ ነው። የቀሩትን ስድስት ይስታሉ። እኔ ቴሌቪዥን ላይ የማየው ሌላ ነበር። ውድድሩ በሚያልቅበት እሁድ የሚታዩት በዚያ ሳምንት ከሁሉም በልጠው የመጡት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ ተቀንሶ ቤቱ የሄደውን ግማሽ የሚጠጋ ተወዳዳሪ ካሜራው አያሳየንም። እኔ ራሴን ስለካ የኖርኩት በምርጦች ምርጥ ሳምንት ነበር።

ክረምቱን ቤት ውስጥ ፓት ተለማመድኩ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ የቡና ስኒ አጋድሜ። የሜዳው ጉድጓድ ወርዱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስኒ አፍ ከዚያ በጣም ይጠባል። ስኒ ውስጥ ያስገባ ሰው ሜዳ ላይ ጉድጓዱ ባልዲ ይመስለዋል። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጄ ቁጥር ትይዝልኛለች፣ ከዚያ ተራዋን ትመታለች። ጎልፍ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ይዞ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

መስከረም ላይ ክርኔ ዳነ። ሙሉ ዙር ስጫወት 109 ገባሁ። ጋሼ በካርዱ ጀርባ ለካ ሌላ ነገር ሲጽፍ ነበር። ሲያልቅ አሳየኝ። ረጅም ምቶች 40። ከግሪን አጠገብ የተመቱ 19። ፓት 41። ቅጣት 9። "አንተ የምታለቅሰው ስለ ድራይቨር ነው፤ እዚህ ጋ ግን ይሄን ተመልከት" ብሎ ጣቱን 41ዱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ 9ኙ ላይ። 41ዱ ፓት ወደ 36 ቢወርድ፣ 9ኙ ቅጣት ወደ 4 ቢወርድ፣ አንድም ምት ሳላሳምር 99 እገባለሁ። አንዲት ኳስ እንኳ ከበፊቱ ርቃ መሄድ የለባትም።

ይህን ቁጥር እናንተም ያዙ። በሚቀጥለው ዙር በካርዱ ጀርባ አራት መስመር አስምሩና ምታችሁን ለዩት። የምታስቡትና የሚወጣው አንድ እንደማይሆን እገምታለሁ።

ከዚያ ስሌቱን ሠራን። ሜዳው 72 ነው። በ9 ጉድጓዶች አንድ ምት ብጨምር፣ በሌሎቹ 9 ሁለት ሁለት ብጨምር 27 ይሆናል። 72 ላይ 27 ሲደመር 99። አንድም ፓር ሳላገባ፣ ዘጠኝ ቦጊና ዘጠኝ ደብል ቦጊ ይዤ ከመቶ በታች ነኝ። ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ፓር እያሳደድኩ፣ ሲያመልጠኝ በሚቀጥለው ለማካካስ በዛፎች መሃል እየመታሁ ነበር። ለካ ማንም ፓር አልጠየቀኝም።

እንዲህ አደረግን። በውጤት ካርዱ ላይ ጉድጓዶቹ በአስቸጋሪነት ከ1 እስከ 18 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። ከ1 እስከ 9 ባሉት ላይ ሁለት ምት ጨመርን፣ ከ10 እስከ 18 ባሉት ላይ አንድ። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፌ የራሴ ፓር አልኩት። የሜዳው ፓር 4 የሆነው ከባድ ጉድጓድ ለእኔ 6 ሆነ። 6 ሲሆን ደግሞ አጨዋወቱ ራሱ ይለወጣል። ውኃ አሻግሬ መምታት የለብኝም። ድራይቨር ማውጣት የለብኝም። የመጀመሪያው ምቴ ዛፍ ሥር ሲገባ ኳሱን ወደ ጎን አውጥቼ፣ አንድ ምት ከፍዬ፣ ገና አራት ይቀረኛል።

ኅዳር ላይ ለሥራ ሞምባሳ ሄድኩ። ዕረፍት ስለነበረኝ ዱላ ተከራይቼ ተጫወትኩ። አዲስ አበባ 140 ሜትር የሚሄድልኝ 7 ቁጥር እዚያ 125 አካባቢ ላይ ዱብ ይላል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ሁሉም ነገር የጠፋብኝ መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ብዙ አይዘውም፤ ከባሕር ዳር ይልቅ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይርቃል። እዚህ አዲስ አበባ ሆናችሁ ዩቲዩብ ላይ ካለ ሰው ጋር ርቀታችሁን የምታወዳድሩ ካላችሁ፣ ያ ውድድር ምንም አይነግራችሁም። በአንድ ዱላ አሥር ኳስ ምቱ። ከሁሉ የራቁትን ሁለቱን ርሷቸው። የቀሩት በብዛት የወደቁበት ቦታ ነው የእናንተ ርቀት። የእኔ ያቺ የመጀመሪያዋ ኳስ ከሚረሱት ሁለቱ አንዷ ነበረች።

ወቅቱንም አስቡ። ክረምት ላይ ኳሱ የወደቀበት ይቀራል፣ ሣሩ ረዝሞ ዱላ ይይዛል። በጋ ላይ እየነጠረ ይሄድላችኋል። የሐምሌን ውጤት ከጥር ጋር አታወዳድሩ። ሐምሌን ከአምና ሐምሌ ጋር ነው።

የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ 98 ገባሁ። አንድ ፓር ብቻ ነበረኝ፣ እሱም ያልታሰበ ነው። ጋሼ ጨበጠኝ፣ ብዙም አላወራም። እኔ ግን ሆዴ ባባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ 107 ገባሁ። ድሮ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ እታመም ነበር።

ያላመመኝ የሃንዲካፕን አሠራር ስለተረዳሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ በዋለው አሠራር መሠረት ሃንዲካፕ የሚወጣው ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱ ተወስደው ነው። 12ቱ አይቆጠሩም። እናም ሃንዲካፕ የአዘቦት ውጤታችሁ አይደለም፤ ጥሩ ስትሆኑ የምትደርሱበት ነው። ከሃንዲካፓችሁ ከፍ ብላችሁ የምትገቡባቸው ቀናት ይበዛሉ። አንድ ሰው "ሃንዲካፔ 20 ነው" ካላችሁ፣ በፓር 72 ሜዳ በየሳምንቱ 92 ይገባል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ቀን ከዚያ በላይ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ቅዳሜዎቼ ይተርፉልኝ ነበር።

ከባለቤቴ ጋርም ስምምነት አለን። ቅዳሜ ብቻ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እጀምራለሁ፣ 6 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። ለጎልፍ የሚወጣው ገንዘብ በወር መጀመሪያ ተነጋግረን የምንመድበው ነው፤ የካዲ ክፍያም እዚያው ውስጥ ነው። ያንን ጠንካራ ድራይቨር ሸጥኩት። ገንዘቡን ለእሷ ሰጠኋት። ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ግቡ ከዚያ ይምጣ። በሳምንት አራት አምስት ሰዓት ያለው ሰው ከ10 በታች ለመውረድ ራሱን ቢያስጨንቅ እንደኔ ነው የሚሆነው። የእኔ ሃንዲካፕ አሁን 23 ነው። ለዘንድሮ ያሰብኩት 21 ነው። ባይሆንም 23 ሆኜ እጫወታለሁ።

ከቦቢ ጆንስ ታሪክ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዕድሜውን ሙሉ አማተር ሆኖ ነው የተወዳደረው። እ.ኤ.አ. በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ፣ በ28 ዓመቱ ውድድር አቆመ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ግን፣ በ19 ዓመቱ፣ ሴንት አንድሩስ ላይ ሦስተኛው ዙር ሲበላሽበት ተናድዶ ውድድሩን አቋርጦ ወጥቷል። ይህን ሳነብ ያ እጅ ሳልጨብጥ የወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ንዴቱ በእኔ ብቻ የመጣ አልነበረም።

ባለፈው ሚያዝያ ያው የወዳጅነት ውድድር ተደገመ። ሰዎቹ ያስታውሱኛል ብዬ ፈራሁ። ከመጀመራችን በፊት ወደ ሁለቱ ሄጄ ያንን ቀን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ጭራሽ ረስቶታል። ሌላው "እኔም እኮ በዚያ ቀን 115 ነበርኩ" አለኝ። ይህን ሳላውቅ የኖርኩት በራሴ ካርድ ላይ ብቻ ዓይኔን ተክዬ ስለነበር ነው።

101 ገባሁ። የራሴ ፓር 99 ነበር፣ በሁለት አመለጠኝ። አሥራ አራተኛው ላይ ኳስ ጠፋብኝ፣ የሚፈቀደውን ሦስት ደቂቃ ፈለግን፣ አላገኘንም፣ ቅጣቴን ቆጥሬ ሌላ መታሁ። ሲያልቅ አራታችንም ተጨባበጥን። ጋሼን ጨምረን ጥብስ አዘዝንና ስለዚያ ስለጠፋው ኳስ ስናወራ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ለባለቤቴ ደውዬ እንደምዘገይ ነግሬያት ነበር። ቤት ስደርስ ልጄ በሩን ከፈተችና ፊቴን አየችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ስኒውን ምንጣፉ ላይ አጋድማ ፓተሩን አቀበለችኝ።